የሁምቦ ጉቶዎችና ሰባቱ ማኅበራት

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ፣ ጠበላ ከተማ አካባቢ፣ የሁምቦ ተራራ ይገኛል። ደኑ ለማገዶ፣ ለከሰልና ለግጦሽ ሲባል ለአሥርተ ዓመታት ተመንጥሮ ተራራው ራቁቱን ቀርቶ ነበር። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፍ አፈሩን እየጠረገ ይወርድ ነበር። ዛሬ 2,728 ሄክታር የሚሆነው ቦታ መልሶ ደን ለብሷል፤ የሚያስተዳድሩትም ሰባት የአርሶ አደር የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው።

የተራራው አብዛኛው ክፍል ችግኝ አልተተከለበትም። ከመሬት በላይ የጠፋው ዛፍ ከመሬት በታች ሥሩ በሕይወት ነበር። ኒጀር ውስጥ ለዓመታት የሠራው አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ የሚታወቅበትን ዘዴ ግብረ ሰናይ ድርጅቱ ወርልድ ቪዥን ወደ ሁምቦ አመጣው፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2006 ተጀመረ። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ከተቆረጠው ዛፍ ጉቶ ዙሪያ በርካታ ቀንበጥ አብሮ ይፈነዳል። ሁሉም ከተተወ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። አርሶ አደሩ ቀጥ ያሉትንና ጠንካሮቹን ሁለት ወይም ሦስት ብቻ መርጦ ሌላውን ይቆርጣል፣ የቀሩትንም የጎን ቅርንጫፋቸውን ከታች ጀምሮ እስከ እኩሌታ ይገርዛል። የተቆረጠው ለማገዶ ይሆናል። ከብት እንዳይገባ ስለሚከለከልም ሣሩ ታጭዶ ወደ ቤት ይወሰዳል። ስለዚህ ደኑ ገና ሳይረዝም ጥቅም መስጠት ይጀምራል፤ ብዙ ሕዝብ በጠባብ መሬት በሚኖርበት በወላይታ ዛፍ ቶሎ ካልጠቀመ አይተርፍም።

ማኅበራቱ በመሬቱ የመጠቀም መብት አግኝተው ደኑን በራሳቸው መተዳደሪያ ደንብ ይጠብቃሉ። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2009 የካርቦን ቅነሳ ለሽያጭ በሚመሰከርበት የተባበሩት መንግሥታት የንጹህ ልማት አሠራር ተመዘገበ፣ በ2012ም የመጀመሪያው የካርቦን ሰርተፊኬት ተሰጠው። በ30 ዓመት ከአየር ይመጠጣል ተብሎ ከተገመተው 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 165,000ውን በዓለም ባንክ የሚተዳደር ፈንድ ሊገዛ ተዋዋለ። ከገቢው ወፍጮና የእህል መጋዘን ተሠርቷል።

ይሁንና በእኔ እምነት የካርቦን ገንዘብ ብቻውን ይህን ደን አያቆየውም። ክፍያው የሚመጣው ተለክቶና ተመርምሮ፣ ከዓመታት በኋላ ነው፤ የልጅ ደብተርና የማዳበሪያ ዋጋ ግን አይጠብቅም። አነስተኛ ማኅበር እንጨቱን፣ ማሩንና ሣሩን በሕግ አግባብ ሸጦ የሚያገኘው ገቢ የግድ ያስፈልገዋል።

ሕጉ በሩን ከፍቷል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የመንግሥት፣ የግል፣ የማኅበረሰብና የማኅበር ደን ብሎ ለይቶ እውቅና ሰጥቷል። ባለደኑ በዕቅድ ይቆርጣል፤ በመኪና ተጭኖ የሚወጣ የደን ውጤት ደግሞ የማጓጓዣ ፈቃድ ይዞ ኬላ ያልፋል። እንደ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ባሉ አገር በቀል ዛፎች ላይ ቁጥጥሩ ጠበቅ ይላል፤ ዋንዛን የቤት ዕቃ ሠሪ ሁሉ ስለሚፈልገው ይህ ተገቢ ነው። የምሰሶ፣ የማገርና የአጣና ፍላጎትን ከተራራው ላይ የሚያነሳው በየጓሮው የሚተከለው ባሕር ዛፍ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሽያጩ ላይ ነው። ገበሬው ዛፉን በቁሙ፣ በግምት ሲሸጥ ወፍራሙም ቀጭኑም በአንድ ዋጋ ይሄዳል፤ ፈቃድ ማውጣትን፣ መቁረጥንና ማጓጓዝን ነጋዴው ስለሚይዘው ትርፉም እዚያው ይቀራል። ፈቃድ ለማውጣት መመላለስ ከበዛ ደግሞ ሰው በሌሊት መጫንን ይመርጣል። ስለዚህ ለማኅበራቱ የሚደረግ ድጋፍ ከዚህ ቢጀምር መልካም ነው፦ የግንዱን ውፍረት በመለኪያ ሜትር ለክቶ መመዝገብ፣ በውፍረቱ ለይቶ በጋራ መሸጥ፣ ጣውላ መሰንጠቂያ መጋዝ የሚገዛበት ብድር፣ ፈቃዱን እዚያው ወረዳው ላይ በአንድ ቀን የሚጨርስ ጽሕፈት ቤት። የሶዶ አናጺም ጣውላ ሲገዛ ፈቃዱን ለማየት ቢጠይቅ፣ በሕግ የሚሠራው ማኅበር በሌሊት ከሚጭነው ጋር በዋጋ መወዳደር ይቀርለታል።