የልጅዎ ሠርግ ፎቶ «ኔጋቲቭ» የት ነው?

ዱሮ ፎቶ ቤቶች የታጠበውን ፎቶ ከነኔጋቲቩ በፖስታ ይሰጡ ነበር። ፎቶው ቢቀደድ ወይም ዘመድ ለራሱ ቢፈልግ፣ በኔጋቲቩ እንደገና ማሳጠብ ይቻላል። ብዙዎቻችን ዛሬ ኔጋቲቭ ቀርቷል ብለን እናስባለን። ተተኪው ግን አለ።

የባለሙያ ካሜራዎች ምስሉን «ሮው» በሚባል ዓይነት ማስቀመጥ ይችላሉ። ትርጉሙ ጥሬ ማለት ነው፤ ካሜራው የተቀበለው ብርሃን ሳይበስል የተቀመጠበት ፋይል። በስልካችን የሚላክልን ግን አብዛኛውን ጊዜ «ጄፔግ»፣ በስሎ የቀረበው ነው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃዎች ሲኖሩት፣ ባለ 14 ቢት ሮው 16,384 አለው። ስለዚህ የሙሽራዋ ቬሎ በፀሐይ ከመጠን በላይ ቢነጣ ወይም የአያት ፊት በጥላ ቢጠቁር፣ ከሮው ማስተካከሉ ይቀላል።

ሮውን ወደ ጄፔግ መለወጥ የደቂቃ ሥራ ነው። የተቆላ ቡና ግን ወደ ጥሬው አይመለስም፤ ጄፔግም እንዲሁ።

ፒዲኤፍስ? እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ይህ ዓይነት የተሠራው ለሰነድ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ወይም ባለብዙ ገጽ የትምህርት ማስረጃ በአንድ ፋይል ተጠቃልሎ፣ የገጹ አቀማመጥ ሳይዛነፍ ይላካል። ፎቶን ፒዲኤፍ ውስጥ ማስገባት ግን ጥራት አይጨምርለትም፤ እንዲያውም አንዳንድ ፕሮግራሞች ፋይሉን ለማሳነስ ምስሉን ይጨምቁታል። ለመላክ ፒዲኤፍ ያድርጉት፤ ዋናውን ምስል ግን አያጥፉ።

ወላጆችና አያቶች ሊያደርጉት የሚችሉት ይህ ነው፦

• ሮው ፋይሉን ይሰጣችሁ እንደሆነ ፎቶ አንሺውን ስትዋዋሉ ጠይቁ። በየስልኩ ስለማይከፈት ጄፔጉንም አብራችሁ ተቀበሉ።

• የቆየ ትንሽ ፎቶ ስካን ስታስደርጉ 600 ዲፒአይ እንዲሆን ጠይቁ፤ ለተራ ሰነድ 300 ይበቃል።

• በቴሌግራም ስትልኩ «ፎቶ» ሳይሆን «ፋይል» የሚለውን ምረጡ። አለበለዚያ ምስሉ ተጨምቆ ይደርሳል።

• ፓስፖርትና የቤት ካርታ በነፃ እንለውጣለን በሚሉ ድረ ገጾች አታስለውጡ። ሰነዱ የማታውቁት ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። በራሳችሁ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ለውጡት።

• ዋናውን ፋይል በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጣችሁ፣ አንዱን ሌላ ዘመድ ቤት አስቀምጡ። አንዱ ቢበላሽ ወይም ቢሰረቅ፣ የልጅ ልጆቻችሁ የሚያዩት ሁለተኛውን ነው።