ለጥቂት ደቂቃ ያሸለቡ አስታማሚ

ዲሴምበር 7 ቀን 2007 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ወደ ማታ ላይ፥ በጃፓን አገር አይቺ በሚባለው ክፍለ ሀገር፥ በኦቡ ከተማ፥ አንድ የ91 ዓመት ሽማግሌ ለማንም ሳይናገሩ ከቤታቸው ወጡ። ሽማግሌው የመርሳት በሽታ ከያዛቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በዚያ ቀን አረጋውያን ከሚውሉበት ቤት ተመልሰው ሻይ ጠጥተው ነበር። ምራታቸው እሳቸው ያበላሹትን ለማጽዳት ወደ ደጅ ወጣ ብላለች። የ85 ዓመት ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ሳለ ድካም ቢያሸንፋቸው ለጥቂት ደቂቃ አሸለቡ። ምራቲቱ ተመልሳ ስትገባ የሽማግሌው መቀመጫ ባዶ ነበር።

ሽማግሌው በኪሳቸው ገንዘብም ቲኬትም አልነበራቸውም። እንደ ምንም ብለው ከባቡር ተሳፈሩና አንድ ጣቢያ ተጉዘው ኪዮዋ ከሚባለው ጣቢያ ወረዱ። ከዚያም፥ እንደ ተገመተው ሽንታቸውን ለመሽናት፥ በመሳፈሪያው ጫፍ በኩል ወደ ሐዲዱ ወረዱ። የመጣው ባቡር ገጭቶ ገደላቸው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ሐዘኑ የአንድ ቤት ሐዘን ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ የምድር ባቡሩ ኩባንያ ለቤተ ሰቡ የገንዘብ ጥያቄ አቀረበ። ባቡሮች ስለ ዘገዩና መንገደኞችም በሌላ መሥመር ስለ ተላኩ ደረሰብኝ ያለው ኪሣራ 7,197,740 የን ነበር። ቤተ ሰቡ አልከፍልም ስላለ ኩባንያው ክስ መሠረተ። በ2013 ዓ.ም. የናጎያ አውራጃ ፍርድ ቤት ባለቤቲቱና የበኵር ልጃቸው ገንዘቡን በሙሉ እንዲከፍሉ ፈረደ። በይግባኝ ጉዳዩን ያየው የናጎያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2014 ዓ.ም. ልጁን ነጻ አድርጎ ዕዳውን በግማሽ ቀነሰና ግማሹን በባለቤቲቱ ላይ ጣለው። እንግዲህ አንዲት ከዘጠና ዓመት በላይ የሆናቸው እናት፥ ባላቸው በሞተበት ቀን ስለ ማሸለባቸው ዕዳ እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው ማለት ነው።

ይህ ፍርድ በተሰማ ጊዜ በጃፓን አገር በሽተኛ የሚያስታምም ሰው ሁሉ ደነገጠ። የድንጋጤውን ምክንያት ለመረዳት ይህ ቤተ ሰብ ምን ያልሠራው ነገር እንደ ነበር መጠየቅ ያስፈልጋል። ሽማግሌው ሲታመሙ ዘመድ ተሰብስቦ መክሯል። የበኵር ልጃቸው ሚስት ከባሏ ጋር ትኖርበት የነበረውን የዮኮሃማን ከተማ ትታ አማቶቿ ወደሚኖሩበት አገር ብቻዋን መጥታ ተቀምጣለች። ባሏ ለሥራው ሲል እዚያው ዮኮሃማ ቀርቶ በወር ሦስት ጊዜ ያህል እየመጣ ይጠይቅ ነበር። ምራቲቱ በሽማግሌው ባርኔጣና ካፖርት ላይ ስማቸውንና የስልክ ቁጥራቸውን ሰፍታበታለች። ሰው ሲያልፍ የሚጮኽ ደወል በቤቱ ተክለዋል። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጠፍተው በደኅና ተመልሰዋል። የታችኞቹ ዳኞች ግን ጣታቸውን የቀሰሩት በዚያ ምሽት ጠፍቶ በነበረው በአንደኛው በር ደወል ላይ ነበር።

በእኛ አስተያየት የዚያ ፍርድ ከባዱ ነገር የገንዘቡ ብዛት አይደለም። ቀርቦ ያስታመመ ሰው ተጠያቂ ሲሆን ርቆ የተቀመጠው ሰው ግን ምንም አይነካውም። ሕጉ እንዲህ ከሆነ ብልህ ልጅ ማለት አባቱ ሲታመም ወደ ሌላ ከተማ የሚሸሽ ልጅ ነው። ወይም በሽተኛውን በቁልፍ ዘግቶ የሚያኖር ነው። ሁለቱንም የሚፈልግ መንግሥት ያለ አይመስለንም።

ማርች 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጨረሻውን ፍርድ ሰጠ። ሚስት ስለ ሆነች ብቻ፥ ልጅም ስለ ሆነ ብቻ በሕግ የበሽተኛው ጠባቂ አይባሉም አለ። ሊታይ የሚገባው በእርግጥ ሰውየውን ለመጠበቅ ይቻላቸው ነበር ወይ የሚለው ነው፤ ይኸውም አብሮ መኖራቸው፥ ጤንነታቸው፥ በየቀኑ ያላቸው ድርሻ ተመዝኖ ነው። ባለቤቲቱ ራሳቸው እግራቸው የሰነፈ፥ ረዳት የሚያሻቸው ነበሩ። ልጁም ከሃያ ዓመት በላይ ለብቻው ኖሯል። ስለዚህ ሁለቱም ከዕዳው ነጻ ወጡ። ዳኞቹ በሩን ጨርሰው እንዳልዘጉት ግን መናገር አለብን። ጥበቃውን በእርግጥ በእጁ የያዘ ሰው በሌላ ጊዜ ሊጠየቅ ይችል ይሆናል ብለዋል። በዚህም ምክንያት የሕግ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ዓ.ም. ጃፓንን ጐብኝተው ከተመለሱ በኋላ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ እንዳሳተሙ አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በአገራችን ጃፓን በተነሣ ቁጥር ወሬው ስለ ፋብሪካዋና ስለ መርከቧ ነው። እኛ ዛሬ ወደ ጓዳዋ ገባ ብለን ለማየት የፈለግነው ሰው እዚያ በብዛት ስለሚያረጅና ሌላው አገር ነገ የሚገጥመውን ጥያቄ እሷ አስቀድማ ስለ ገጠማት ነው። በ2022 ዓ.ም. በተደረገው ግምት በጃፓን ከ65 ዓመት በላይ ከሆናቸው ሰዎች መካከል 4 ሚሊዮን 430 ሺህ የሚሆኑት ይህ ሕመም ያለባቸው ናቸው። በ2023 ዓ.ም. ብቻ ከበሽታው የተነሣ ጠፉ ተብለው ለፖሊስ የተመለከቱት 19,039 ናቸው። ነገሩ የሀብታም አገር ጣጣ ብቻ ነው የሚል ቢኖር ተሳስቷል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 ዓ.ም. በዓለም 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በሽታው የነበረባቸው ሲሆን፥ ከመቶው ከ60 የሚበልጡት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። ዲሜንሺያ የአንድ በሽታ ስም አይደለም፤ የማስታወስን፥ የማሰብንና የዕለት ኑሮን የመምራትን ችሎታ ቀስ በቀስ የሚያዳክሙ የብዙ ሕመሞች የጋራ መጠሪያ ነው። ከሁሉም የሚበዛው ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 ዓ.ም. ቱቢንገን ላይ ለሐኪሞች ጉባኤ ያስረዳውና በስሙ የሚጠራው ነው። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘለትም። ስለዚህ ሕክምናው ከሐኪም ቤት ይልቅ በቤት ውስጥ ይውላል፤ የሚያድረውም በሰው ትከሻ ላይ ነው። ያው ድርጅት እንዳስታወቀው ቤተ ሰብና ወዳጅ ለአንድ በሽተኛ በአማካይ በቀን 5 ሰዓት ይሰጣል፤ ከዚህም ሰዓት አብዛኛው የሴቶች ነው።

በጃፓን ይህ ትከሻ የማን እንደ ሆነ በግልጽ የተናገረች ደራሲት ሳዋኮ አሪዮሺ ናት። በ1972 ዓ.ም. ያወጣችው ልብ ወለድ ቢሮ እየሠራች የጃጁ አማቷን የምታስታምም ምራት ታሪክ ሲሆን ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ከስምንት ዓመት በኋላ በ1980 ዓ.ም. አስታማሚ ቤተ ሰቦች በኪዮቶ ከተማ ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የእንክብካቤ ኢንሹራንስ ጀመረ። ከ40 ዓመት ጀምሮ ሰው ሁሉ ያዋጣል፤ ወጪው ከመዋጮና ከግብር በእኩል ይሸፈናል። በሽተኛው በደረጃ ይመዘንና ረዳት ከቤቱ ይላክለታል፥ ወይም በውሎ ቤት ይውላል፥ ወይም ቤተ ሰቡ እንዲያርፍ ለጥቂት ቀን በሌላ ቤት ያድራል፤ እሱም እንደ ገቢው ከዋጋው ከ10 እስከ 30 በመቶ ይከፍላል። ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቶ «ወደ ቤቴ ልሂድ» የሚልን አባት አግባብቶ የሚያስተኛው ኢንሹራንሱ አይደለም። ሠራተኛ የታመመ ቤተ ሰቡን እንዲያስታምም በሕግ 93 ቀን ፈቃድ የተሰጠው ቢሆንም፥ በየዓመቱ 100 ሺህ ያህል ሰዎች በማስታመም ምክንያት ሥራቸውን ይለቃሉ።

አሁን ስለ አንድ ሐኪም እናውራ። ዶክቶር ካዙኦ ሃሴጋዋ በጃፓን የዚህ በሽታ ሐኪሞች አባት ይባሉ ነበር። በ1974 ዓ.ም. ሐኪሞች በሽታውን የሚጠረጥሩበትን ፈተና አወጡ፤ በ1991 ዓ.ም. ታርሞ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ፈተናው ቀላል ይመስላል። ዕድሜዎ ስንት ነው? ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? ከመቶ ላይ ሰባት ይቀንሱ። የአበባ ዛፍ፥ ድመት፥ ባቡር የሚሉትን ሦስት ቃላት ይያዙና ቆይተው ይንገሩኝ። የሚያውቁትን አትክልት ይቍጠሩ። ከ30 ነጥብ 20 ወይም ከዚያ በታች ያገኘ ሰው ይጠረጠራል። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ራሳችንን ብንፈትን አትክልቱ ላይ ጥቂት እንደ ተንተባተብን አንደብቅም።

በጃፓንኛ ሕመሙ ቀድሞ «ቺሆ» ይባል ነበር፤ የሚጻፍበት ሁለቱም ፊደል የሞኝነት ፊደል ነው። አንድ ሰው ለምርመራ ሂድ ሲባል ሞኝ ነህ የተባለ ያህል ስለሚሰማው ወደ ሐኪም አይቀርብም። ስለዚህ በ2004 ዓ.ም. መንግሥት ሊቃውንትን ሰብስቦ፥ ሃሴጋዋም ካሉበት፥ ስሙን «ኒንቺሾ» አለው፤ የማወቅና የመገንዘብ ሕመም እንደ ማለት ነው። እኛም ከጥቂት መሥመር በፊት «የጃጁ አማቷን» ብለን ጽፈናል፤ እዚህ ስንደርስ እጃችን ተይዟል። «ጃጀ» የሚለው ቃላችን ሰውየው ምን እንደ ሆነ ይናገራል እንጂ ምን እንዳመመው አይናገርም። ተሰርዞ ሌላ እንዳይተካበት ግን «የመርሳት በሽታ» የሚለውም ሙሉ አይደለም፤ በሽተኛው ከሚረሳው ይልቅ የማይረሳው ነገር፥ በተለይም የተቆጣው ሰው ፊት፥ አስታማሚውን ብዙ ጊዜ ያስደንቀዋል።

ዶክቶር ሃሴጋዋ በ88 ዓመታቸው፥ በ2017 ዓ.ም.፥ እሳቸውም በዚሁ ሕመም መያዛቸውን በአደባባይ ተናገሩ። ሐኪሙ በሽተኛ ሆነ። በሐኪምነታቸው ዘመን የውሎ ቤት ለቤተ ሰቡ ዕረፍት ነው፥ ለበሽተኛውም ይበጃል ብለው የሚመክሩ ነበሩ። የጃፓን ቴሌቪዥን በ2020 ዓ.ም. ስለ እሳቸው ባሳየው ፊልም ግን ራሳቸው ወደ ውሎ ቤት በተላኩ ጊዜ ብቸኝነት ተሰምቷቸው መሄዱን ሲጠሉት ይታያሉ። ባለቤታቸው ደግሞ ደክመዋል፤ ዕረፍት ያሻቸዋል። ይህ ትዕይንት ብዙ መጽሐፍ የማይናገረውን ይናገራል። በሽተኛውና አስታማሚው በአንድ ቤት፥ በአንድ ፍቅር ይኖራሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ነገር ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም። የአንዱ ዕረፍት የሌላው ስደት የሚሆንበት ቀን አለ። ማን ትክክል ነው ብለን ብንፈርድ ድፍረት ይሆንብናል። ዶክቶሩ በ2021 ዓ.ም. በ92 ዓመታቸው ዐረፉ።

ስለ ሕዝቡ ድርሻም የሚባል አለ። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የጃፓን መንግሥት ለተራው ሰው የ90 ደቂቃ ያህል ትምህርት ያስተምራል። የባንክ ጸሐፊው፥ ባለ ሱቁ፥ የተማሪ ቤቱ ልጅ ተምሮ ብርቱካንማ አምባር ያደርግ ነበር፤ የተማሩትም ከ15 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። ቁጥሩ ያስደንቃል፤ በዘጠና ደቂቃ አስታማሚ ይገኛል ብሎ የሚያምን ግን የለም። እኛን ይበልጥ ደስ ያሰኘን የኦሙታ ከተማ ሰዎች ሥራ ነው። እነሱ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ሰው መንገድ የጠፋው ሽማግሌ መስሎ በከተማው እንዲዞር ያደርጋሉ። የሠፈሩ ሰው ሳያስደነግጥ ቀርቦ ሰላምታ መስጠትንና ማነጋገርን ይለማመዳል። የሚያፍረው ብዙ ነው፤ ለማያውቁት ሽማግሌ «አባቴ፥ ወዴት ይሄዳሉ?» ማለት ልምምድ ያስፈልገዋል ብሎ ማን ያስባል?

በ2023 ዓ.ም. የጃፓን ሸንጎ ስለዚህ ሕመም ራሱን የቻለ ሕግ አወጣ፤ በ2024 ዓ.ም. ጃንዋሪ 1 ቀን ጸንቷል። በሽተኛው መብት ያለው ዜጋ መሆኑንና ቤተ ሰቡም መረዳት እንዳለበት ይደነግጋል። የባቡሩ ነገር ግን አስቀድሞ ሌላ መንገድ ከፍቶ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ያማቶ የምትባል ከተማ፥ ለመጥፋት ለሚያሠጉ በሽተኞች አረቦኑን ራሷ እየከፈለች ኢንሹራንስ ገባችላቸው፤ በሐዲድ ላይ ወይም በሌላ ስፍራ ጉዳት ቢያደርሱ ካሣው ከዚያ ይከፈላል። ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ፤ በ2018 ዓ.ም. ሽማግሌው የኖሩባት ኦቡም ይህንኑ አደረገች።

በዚህ ኢንሹራንስ ለመጠቀም የበሽተኛው ስም በከተማው መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት። ለመመዝገብም ከቤተ ሰቡ አንዱ፥ ብዙ ጊዜ ምራቲቱ ወይም ሴት ልጂቱ፥ ከመስኮቱ ፊት ቆማ፥ ከኋላዋ ጎረቤቶቿ ተሰልፈው እየሰሙ፥ አባታችን ታመዋል ብላ ለማታውቀው ወጣት ጸሐፊ መናገር አለባት።