የድርጅት ደግነት በምን ይለካል?

በዓል ሲቃረብ በአዲስ አበባ፣ ገርጂና አካባቢዋ ባሉ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ግቢ ዱቄትና ባለ አምስት ሊትር ዘይት ይደረደራል። ስም ይጠራል፤ አረጋውያንና አቅመ ደካሞች ተራቸውን ጠብቀው ይቀበላሉ። ከበስተኋላቸው የለጋሹ ድርጅት ስም የሰፈረበት ባነር ተወጥሯል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ማዕድ ማጋራቱ በቤት እድሳት ይተካል። የምሽቱ ዜናም «ድርጅቱ ማኅበራዊ ኃላፊነቱን ተወጥቷል» ብሎ ያልፋል።

ለኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ያለው ለሌለው እንዲያካፍል ቤተ ክርስቲያን በአሥራትና በምጽዋት፣ መስጊድ በዘካ፣ ሰፈር በዕድር ሲያስተምሩት ኖረዋል። የነጋዴም ስም በደግ የሚነሣው ከሸጠው ይልቅ በሰጠው ነው። መንግሥትም ይህንን ያውቃል፤ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ ወንዞች ዳርቻ ልማት በተዘጋጀው «ገበታ ለሸገር» የአንድ መቀመጫ ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር ነበር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅም ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ገንዘብ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ፣ በወጪነት እንዲያዝ ፈቅዷል።

ድንበር ሲሻገሩ መለኪያው ይለወጣል።

ጀርመን ውስጥ የአንድ ኩባንያ ኃላፊነት የሚታየው በመጀመሪያ ሠራተኛውን በሚይዝበት መንገድ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ከ2,000 በላይ ሠራተኞች ያሏቸው ኩባንያዎች ከተቆጣጣሪ ቦርዳቸው ግማሹን መቀመጫ ለሠራተኛ ተወካዮች እንዲሰጡ ያስገድዳል። ህንድ ነገሩን በበጎ ፈቃድ አልተወችውም፤ በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው የኩባንያዎች ሕግ መሠረት ትልልቅ ድርጅቶች ከሦስት ዓመት አማካይ የተጣራ ትርፋቸው 2 በመቶውን ለማኅበራዊ ሥራ ማዋል አለባቸው። የጃፓን ኦሚ ነጋዴዎች ደግሞ ንግድ ለሻጩ፣ ለገዢውና ለማኅበረሰቡ እኩል መልካም መሆን አለበት የሚል መርሕ አውርሰዋል። በአሜሪካ ኢኮኖሚስቱ ሚልተን ፍሪድማን በ1970 እ.ኤ.አ. የድርጅት ኃላፊነት ሕጉን አክብሮ ማትረፍ ነው ሲል ተከራክሯል።

አሜሪካዊው ምሁር አርቺ ካሮል በ1991 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ፒራሚድ ትርፍ መሠረቱ ነው፤ ሕግ ማክበርና ሥነ ምግባር ይከተላሉ፤ ልገሳ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ዌይን ቪሰር የተባለ ተመራማሪ ይህን ከአፍሪካ ጋር ሲያስተያይ ልገሳን ከትርፍ ቀጥሎ በሁለተኛ ደረጃ አገኘው፤ ሕግና ሥነ ምግባር ከእሱ በኋላ ናቸው። የገርጂው ባነር የሚመሰክረው ይህንኑ ነው።

እነዚህ መለኪያዎች ፊት ለፊት የሚገናኙት ከገርጂ ብዙም በማይርቀው፣ ጎሮን አልፎ በሚገኘው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። የኮሪያ፣ የህንድና የታይዋን ባለሀብቶች የገቡበት ይህ ፓርክ ልብስና ጫማ ለውጭ ገበያ ያመርታል። በ2013 እ.ኤ.አ. ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ካለቁ ወዲህ የምዕራባውያን ገዢዎች ቁጥጥራቸውን አጥብቀዋል፤ የእሳት አደጋ መውጫው፣ የትርፍ ሰዓቱ፣ የሠራተኛው ዕድሜ ይመረመራል።

ሠራተኛዋ ግን ሌላም የምትጠብቀው አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቅርብ ዘመድ ሲሞት የሦስት ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል። የጎረቤት ሞት እዚህ ውስጥ የለም። ዕድሯ በበኩሉ ቀብር የቀረን ሰው ይቀጣል፤ ከቅጣቱ በላይ ደግሞ የሰፈር ሰው ፊት መቆም አለ። ለውጭው ሥራ አስኪያጅ ያ ቀን ባዶ የቀረ የስፌት መኪና ነው። ለእሷ ለቅሶ መድረስ ግዴታ ነው፤ ድንኳን ድረስ መጥቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ያለ አለቃም ከየትኛውም የጉርሻ ክፍያ በላይ ይታሰብለታል።

የገዢዎቹ ቁጥጥር የማያነሣው ሌላው ጉዳይ ደመወዝ ነው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጡት ሪፖርት የሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር ጽፈዋል። በወቅቱ በግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስላልነበረ ይህን የሚከፍል ፋብሪካ ሕግ አልጣሰም። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድን ጉዳይ ያነሣው በከንቱ አይደለም።

መስጠት የተከበረ ባህል ነው፤ ሊቀርም አይገባውም። የበዓሉ ዘይት ግን የደመወዝን፣ የደኅንነትንና የጡረታን ቦታ ሊወስድ አይችልም። በባሕር ዛፍ አጣና ርብራብ ላይ ቆሞ ያለ ራስ ቁር ብሎኬት የሚያቀብል የቀን ሠራተኛ ባለበት ሕንፃ ሥር የዱቄት ባነር ቢወጠር ኃላፊነት ተወጣ ማለት ይከብዳል። አሠሪ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮም ችሮታ ሳይሆን ዕዳ ነው።

ስለዚህ ጋዜጠኛው ካሜራውን ከማንሳቱ በፊት፣ የወረዳው ሹምም የምስጋና ወረቀቱን ከመፈረሙ በፊት ለጋሹን አንድ ነገር ይጠይቁት፦ የራስህ ሠራተኞች እንዴት ናቸው?