የተሞላ ጥርስዎ ቀለሙ ሲለወጥ

ከዓመታት በፊት ያስሞሉት ጥርስ በመስታወት ሲያዩት ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖብዎታል? በፊት ጥርስዎ ላይ የተሠራልዎ ሙሌት ከጎኑ ካለው ጥርስ ተለይቶ መታየት ጀምሯል? እንዲህ ያለ ለውጥ ሲያጋጥማቸው አንዳንዶች ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው እየሸፈኑ ለዓመታት ዝም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «አሮጌውን አውጥታችሁ አዲስ ሙሉልኝ» ብለው ወደ ክሊኒክ ይሄዳሉ። ሁለቱም ከመወሰናቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ፤ የሙሌት ቀለም መለወጥና የሙሌት መበላሸት አንድ አይደሉም።

የጥርስ ቀለም ያለው ሙሌት ኮምፖዚት ይባላል። የሚዘጋጀው ከፕላስቲክ መሰል ሙጫና እጅግ ከደቀቀ የመስታወት ብናኝ ሲሆን፣ ሐኪሙ ጥርሱ ላይ ካስቀመጠው በኋላ በሰማያዊ ብርሃን ያጠነክረዋል። የተሸረፈ ወይም የተራራቀ የፊት ጥርስን ለማስተካከል የሚሠራው፣ በተለምዶ ቦንዲንግ የሚባለውም ከዚሁ ነው። ይህ ሙሌት ከጊዜ ብዛት ላዩ ይሻክራል፤ የሻከረው ቦታም የቡና፣ የሻይ፣ የእርድ፣ የጫትና የሲጋራ ቀለም ይይዛል። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚያገለግል ሲሆን በጥሩ እንክብካቤ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል።

የቀለም ለውጡ የት ቦታ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ለውጡ የሙሌቱ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ሐኪሙ በመወልወል ሊያስለቅቀው ይችላል፤ ሙሌቱ መነካት የለበትም። ሙሌቱና ጥርሱ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ቀጭን ቡናማ መስመር ከታየ ግን ምርመራ ይፈልጋል። መስመሩ ብቻውን ጥርሱ ተቦርቡሯል ማለት አይደለም፤ ጠርዙ ጠንካራና ያልተከፈተ ከሆነ ሐኪሙ እየተከታተለ ሊያቆየው ይችላል። ከሙሌቱ ሥር ግራጫ ወይም ጥቁር ጥላ ሲታይ ደግሞ ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ መቦርቦር ሊኖር ስለሚችል በራጅ ታይቶ መረጋገጥ አለበት።

ሁሉን ነገር አውጥቶ እንደገና መሙላት የማይመከረው ለምንድን ነው? አሮጌ ሙሌት ሲወጣ ከዙሪያው ጥቂት ጤነኛ ጥርስ አብሮ ይፋቃል። ቀዳዳው በየጊዜው እየሰፋ፣ የጥርሱ ግድግዳ እየሳሳ ይሄዳል፤ ወደ ነርቩም ይቀርባል። ዛሬ ያለ በቂ ምክንያት የተቀየረ ሙሌት ነገ የሥር ሕክምና ወይም ማስነቀል ሊያስከትል ይችላል። በመሆኑም በመወልወል ወይም የተጎዳውን ክፍል ብቻ በመጠገን የሚስተካከል ከሆነ ያ ይቀድማል።

ብርማ ቀለም ያለው አማልጋም የሚባለው ሙሌት ሜርኩሪ ስላለበት ሥጋት የሚያድርባቸው ሰዎች አሉ። ያልተሰነጠቀና ጤነኛ የሆነ አማልጋም ግን በመልኩ ምክንያት ብቻ እንዲወጣ አይመከርም፤ ሲቦረቦር ራሱ የሜርኩሪ ተን ይወጣል። በተለይ ነፍሰ ጡሮች አስቸኳይ ችግር ከሌለ ከማስሞላትም ሆነ ከማስወጣት ቢቆጠቡ ይመረጣል። በዙሪያው የሚታየው ግራጫ ቀለምም ከብረቱ የመጣ ሊሆን ይችላል።

በመቂ፣ በዝዋይ፣ በወንጂና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ያደጉ ሰዎች ጉዳዩ በቅርብ ይመለከታቸዋል። በነዚህ ቦታዎች የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም መጠን የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። በልጅነት ይህን ውኃ የጠጣ ሰው ጥርሱ ቡናማ ሊሆን ስለሚችል አንዳንዱ አድጎ በቦንዲንግ ያሸፍነዋል። እርስዎም ይህን ካሰቡ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ጥርስ የሚያነጣ መድኃኒት የተፈጥሮ ጥርስን እንጂ የሙሌትን ቀለም አይለውጥም። ስለዚህ ማስነጣት ካስፈለገ አስቀድሞ ይደረግና ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሙሌቱ ከአዲሱ ቀለም ጋር ተመሳስሎ ይሠራል።

ቤት ውስጥ በሎሚ፣ በከሰል ዱቄት ወይም በጨው መፈተግ ግን አይሞክሩ። ሎሚው ጥርስን ያሟሟል፤ ከሰሉና ጨው ሙሌቱን ይበልጥ ያሻክሩታል። የሻከረው ደግሞ ቀለምን ከበፊቱ ፈጥኖ ይይዛል።

ቡና መተው አይጠበቅብዎትም። ከአቦል እስከ በረካ ጠጥተው ሲጨርሱ አፍዎን በውኃ ይጉመጥመጡ። ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ በቀን ሁለት ጊዜ ይቦርሹ። መፋቂያ የሚጠቀሙ ከሆነ ጫፉን በደንብ አኝከው ካለሰለሱ በኋላ ቀስ ብለው ይፋቁ። የቆርኪ ጠርሙስ በጥርስ መክፈትና ጠንካራ ቆሎ በተሞላው ጥርስ መቆርጠም ሙሌትን ይሰነጥቃል። ሌሊት ጥርስዎን የሚያፋጩ ከሆነም ለሐኪምዎ ይንገሩ።

የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ግን ቀጠሮ አያራዝሙ፦ ቀዝቃዛ ወይም ጣፋጭ ነገር ሲነካው የሚያም ከሆነ፣ ሲነክሱበት የሚወጋ ከሆነ፣ ምግብ ሁልጊዜ በዚያው ቦታ የሚሰገሰግ ከሆነ፣ ጠርዙ ምላስዎን የሚቧጭር ወይም የጥርስ ክር የሚበጥስ ከሆነ። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ የድድ ወይም የፊት እብጠትና ትኩሳት ካለ በዕለቱ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ምልክት ባይኖርም በዓመት አንድ ጊዜ ይታዩ። ሐኪሙ «ይቀየር» ቢልዎ ሦስት ነገር ለመጠየቅ አይፈሩ፦ ከሥሩ መቦርቦር አለ? መወልወል ወይም መጠገን አይበቃም? ለጥቂት ወራት ብናየውስ ምን ጉዳት አለው? መልሱን ሰምተው ቢወስኑ ገንዘብዎንም ጥርስዎንም ያድናሉ።