ስም ሳይዞር አልሚው ቢከስር

በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ለቡ ወይም ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ መሠረቱ ገና እየተቆፈረ ካለ ሕንፃ አፓርታማ የገዛ ሰው እጁ ላይ ያለው ውልና ደረሰኝ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2876 ገና ያልተሠራ ቤት ለማስረከብ የሚደረግን ውል የሚያየው እንደ ግንባታ ሥራ ውል ነው። ባለቤትነት የሚተላለፈው ደግሞ በቁጥር 1185 መሠረት በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ላይ ስም ሲዞር ነው። እስከዚያ ድረስ የይዞታ ካርታው ሕንፃውን የሚገነባው አልሚ ነው።

አልሚው ሲከስር ይህ ነገር ያንገበግባል። ፍርድ ቤት መክሰሩን ካወጀ ንብረቱ ተሰብስቦ ለገንዘብ ጠያቂዎች ይከፋፈላል። ሕንፃውን በመያዣ ይዞ ያበደረው ባንክ ከሽያጩ ቀድሞ ይወስዳል። ሙሉ ዋጋ የከፈለ ገዢ እንኳ መያዣ ከሌላቸው ጋር ተሰልፎ የተረፈውን ይጠብቃል። ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም። ባንኩ ሥጋቱን አስልቶ፣ ወለድ ተስማምቶ ነው ያበደረው፤ ገዢው ግን የዕድሜውን ጥሪት ነው የሰጠው።

ከፍሎ ቤት ማጣትን አክሰስ ሪል ስቴት ከተባለው አልሚ የገዙ ሰዎች ያውቁታል። ከ2,000 በላይ ሰዎች፣ በውጭ አገር የሚኖሩትን ጨምሮ፣ ከ1 ቢሊዮን ብር በላይ ከፍለው ቤቱን ሳያገኙ ቀሩ። ኮሚቴ አቋቁመው የመንግሥትን በር ለዓመታት አንኳኩ።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ የተዳከመ ድርጅት ከመፍረሱ በፊት ከገንዘብ ጠያቂዎቹ ጋር ተስማምቶ ራሱን የሚያደራጅበትን መንገድ ከፍቷል። በጅምር የቀረ ሕንፃ ተሽጦ ከሚከፋፈል ተጨርሶ ቢረከብ ለገዢው ይሻላልና ይህ መንገድ ዋጋ አለው። ሕንድ በ2018 እ.ኤ.አ. የኪሳራ ሕጓን አሻሽላ ቤት ገዢን እንደ አበዳሪ ቆጥራ ድምፅ ሰጥታዋለች፤ የእኛም ሕግ እዚያ መድረስ አለበት።

እስከዚያው፣ ከመፈረምዎ በፊት ይዞታው ከዕዳና እገዳ ነፃ ስለመሆኑ የቅርብ ጊዜ ማስረጃ ይጠይቁ፤ ትልልቅ ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊትም ደግመው ይጠይቁ። ሕንፃው በባንክ ከተያዘ፣ ክፍያዎን ሲጨርሱ ባንኩ የእርስዎን ቤት ከመያዣው እንደሚለቅ በጽሑፍ ያረጋግጥልዎት። ክፍያው ቀን እየቆጠረ ሳይሆን ግንባታው በደረሰበት ልክ ይሁን። አልሚው ከከሰረም ውልና ደረሰኝዎን ይዘው ጥያቄዎን ፍርድ ቤቱ በሚሰጠው ጊዜ ውስጥ ያስመዝግቡ፤ ቀኑን አያሳልፉ።