የሹምን እንጀራ ያልበላ ሹም፤ ስለ ነህምያ አገዛዝ የተጻፈ ሐተታ

ነህምያ ማለት እግዚአብሔር ያጽናናል ማለት ነው። አባቱ ሐካልያ ይባላል። እርሱም በፋርስ ንጉሥ በአርጤክስስ ቤት፣ በሱሳ ግንብ፣ ጠጅ አሳላፊ ነበረ። ጠጅ አሳላፊነት በዚያ ዘመን ትንሽ ሹመት አይደለም፤ ንጉሥን በመርዝ ሊገድል የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ጽዋውን ይሻልና፤ ስለዚህ ጽዋው የሚያልፈው እጅግ በታመነ ሰው እጅ ነው። ነህምያም ሕዝብ ለመጠበቅ ከመሾሙ በፊት የአንድ ሰው ነፍስ በመጠበቅ መታመንን ተምሮ ነበር።

አርጤክስስ በነገሠ በ20ኛው ዓመት፣ ይኸውም ከጌታችን ልደት በፊት በ445 ዓመት ገደማ፣ ወንድሙ አናኒ ከይሁዳ መጥቶ የኢየሩሳሌም ቅጥር እንደ ፈረሰ፣ በሮቿ እንደ ተቃጠሉ፣ የቀረውም ሕዝብ በመከራና በስድብ እንዳለ ነገረው። ናቡከደነፆር ከተማይቱን ካጠፋት 140 ዓመት ያህል አልፏል። ቤተ መቅደሱ በዘሩባቤል ዘመን ታንጿል፤ ዳሩ ግን ቅጥር የሌላት ከተማ በር እንደሌለው ቤት ናት፤ የፈለገ ይገባባታል፣ የፈለገም ይዘርፋታል። ነህምያ ይህን ሰምቶ አለቀሰ፤ ጾመ፤ ጸለየ። በጸሎቱም የአባቶቹን በደል ብቻ አልተናዘዘም፤ ራሱንና የአባቱን ቤት ከበደለኞች ጋራ ቈጠረ። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ ኋላ በፍርድ ወንበር የሚያደርገው ሁሉ ከዚህ ይመነጫልና።

ንጉሡም ፈቅዶ ደብዳቤና ጭፍራ ሰጥቶ ሰደደው። ኢየሩሳሌም ደርሶ ሦስት ቀን ከተቀመጠ በኋላ በሌሊት ከጥቂት ሰዎች ጋራ ወጥቶ ፍራሹን መረመረ፤ የተቀመጠባት እንስሳ የምታልፍበት መንገድ እስክታጣ ድረስ ዞረ። ከዚያ በኋላ ለሕዝቡ ነገረ። ሥራውንም ለሁሉ አካፈለ። ካህናቱ የበጎችን በር ሠሩ፤ ወርቅ አንጥረኞች፣ ሽቱ ቀማሚዎች፣ ነጋዴዎች ድርሻ ድርሻቸውን ያዙ፤ የኢየሩሳሌም ግዛት እኩሌታ አለቃም ከሴቶች ልጆቹ ጋራ ሠራ። የቴቁሔ ሕዝብ ግን ሁለት ክፍል ሲሠራ መኳንንቶቻቸው አንገታቸውን ለሥራው አላዋረዱም። መጽሐፍ ይህን መጻፉ ስለምን ነው ቢሉ፤ የሠራም ያልሠራም በእግዚአብሔር ፊት እንደማይረሳ ለማስረዳት ነው።

ስለ ሕዝቡ ጩኸት

ቅጥሩ እየተሠራ ሳለ፣ ሰንባላጥና ጦብያ በውጭ ሲዝቱ፣ ሠራተኛው በአንድ እጁ ሥራውን በአንድ እጁ መሣሪያውን ይዞ ሳለ፣ በውስጥ ታላቅ ጩኸት ተነሣ። ጩኸቱም በጠላት ላይ አይደለም፤ ወንድም በወንድሙ ላይ ነው እንጂ። ከፊሉ ቤተ ሰባችን ብዙ ነው፣ እህል የለንም አለ። ከፊሉ በራብ ምክንያት እርሻችንን፣ ወይናችንንና ቤታችንን አስይዘናል አለ። ከፊሉም ለንጉሥ ግብር ብር ተበደርን፤ ልጆቻችንን ለባርነት እንሰጣለን፤ ከሴቶች ልጆቻችንም ባሪያዎች የሆኑ አሉ፤ እርሻውና ወይኑ በሌላ እጅ ስለሆነ ልናድናቸው አልቻልንም አለ።

መጽሐፍ የቅጥሩን ነገር አቋርጦ የብድርን ነገር ማምጣቱ ስለምን ነው ቢሉ፤ ያቋረጠ ይመስላል እንጂ አላቋረጠም። ቅጥር የሚሠራው ጠላት እንዳይማርክ ነው። ውስጥ ያለው ወንድም ወንድሙን ከማረከ ግን ቅጥሩ ምን ይጠብቃል? ባሪያ የሆነች ልጅ በውጭ ጠላት እጅ ብትሆን፣ በቅጥሩ ውስጥ ባለጠጋ እጅ ብትሆን፣ ለእናቷ አንድ ነው። ስለዚህ ነህምያ ሁለት ቅጥር ሊሠራ ተገባው፤ አንዱን በድንጋይ፣ አንዱን በፍርድ።

ስለ ፍርዱ

ነህምያ ጩኸቱን በሰማ ጊዜ እጅግ ተቈጣ። ቍጣው ግን ወዲያው ወደ አፉ አልወጣም፤ አስቀድሞ ከልቡ ጋራ መከረ። ሐተታ፤ ቍጣ ሁለት ነው። ሳይመክር የሚፈርድ ቍጣ አለ፤ ይህ የሚቈጣው ለራሱ ክብር ነው። መክሮ የሚፈርድ ቍጣ አለ፤ ይህ የሚቈጣው ለተበደለው ነው። የነህምያ ቍጣ ሁለተኛው ነው።

ከመከረም በኋላ መኳንንቱንና ሹማምንቱን ገሠጸ። በስውር ጠርቶ አልገሠጻቸውም፤ በደሉ የተገለጠ ነበርና ታላቅ ጉባኤ ሰብስቦ በተበዳዮች ፊት ተናገራቸው። ለአሕዛብ የተሸጡትን ወንድሞች እንደ አቅማችን ስንቤዥ ኖረናል፤ እናንተ ደግሞ ትሸጧቸዋላችሁን፣ እኛስ መልሰን እንግዛቸውን ብሎ ጠየቃቸው። እነርሱም የሚመልሱት አጥተው ዝም አሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሹም የሚያቆምበትን ነህምያ አላቆመም። ሌላውን ገሥጾ መቀመጥ ቀላል ነው። እርሱ ግን በዚያው ጉባኤ ነገሩን ወደ ራሱ መለሰ፤ እርሱና ወንድሞቹ ብላቴኖቹም ለሕዝቡ ብርና እህል ማበደራቸውን ገልጦ፣ ይህን ነገር ከእነርሱ ጋራ አብሮ እንዲተው ተናገረ። ነህምያ ወለድ በልቶ ነበርን ቢሉ፤ ማበደሩን ይናገራል፣ ወለድ መቀበሉን ግን ገልጦ አይናገርም። እንዲህ ማለቱ ወለድ ሳይበላ ሳለ ሌሎቹ እንዳያፍሩና በእልክ እንዳይጸኑ ራሱን ከእነርሱ ጋራ ስለ ቈጠረ ነው። አንድም ያበደረው ብላቴኖቹ በሠሩት ነገር ከበደሉ አጠገብ ስለ ደረሰ፣ ከሌላው በፊት የራሱን ቤት ሊያጠራ ነው። በሁለቱም ቢሆን ትምህርቱ አንድ ነው፤ ሹም የሚፈርደውን ፍርድ አስቀድሞ በራሱ ቤት ሊፈጽመው ይገባል።

ፍርዱም እርሻውን፣ ወይኑን፣ ወይራውንና ቤቱን በዚያው ቀን ይመልሱ ዘንድ፣ ከብሩና ከእህሉ፣ ከወይን ጠጁና ከዘይቱ የሚወስዱትንም ከመቶ አንድ እጅ ይተዉ ዘንድ ነው። ከመቶ አንድ የሚለው በየወሩ ከሆነ በዓመት ከመቶ 12 ይሆናል። ኦሪት ግን በዘጸአት፣ በዘሌዋውያንና በዘዳግም ከወንድም ወለድ መቀበልን ከልክላለች፤ ስለዚህ ነህምያ አዲስ ሕግ አላወጣም፤ የተረሳውን አነሣ እንጂ።

እነርሱም እንመልሳለን አሉ። ነህምያ ግን በቃላቸው ብቻ አልተወውም፤ ካህናትን ጠርቶ አስማላቸው። በጉባኤ የተነገረ ቃል ወደ ቤት ሲገቡ ይቀዘቅዛልና። የልብሱንም ዘርፍ አራገፈ። ምሳሌው፤ ቃሉን የማይፈጽመውን እግዚአብሔር ከቤቱና ከሥራው እንዲሁ ያራግፈው ማለት ነው። አንድም በልብሴ ዘርፍ የተሰወረ የድኻ ገንዘብ አለመኖሩን እዩ ሲል ነው።

ስለ ሹም እንጀራ

ከነህምያ በፊት የነበሩ ገዦች ከሕዝቡ እንጀራና ወይን ጠጅ፣ በላዩም 40 ሰቅል ብር ይወስዱ ነበር። አንዱ ሰቅል 11 ግራም ያህል ስለሆነ 40 ሰቅል ወደ ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ብር ነው። ብላቴኖቻቸውም በሕዝቡ ላይ ይሠለጥኑ ነበር። ይህ ድርጎ ስርቆት አይደለም፤ ለገዢ የተወሰነ ነበር። ነህምያ ቢቀበለው የሚከሰው ሰው አልነበረም። እርሱ ግን ከአርጤክስስ 20ኛ ዓመት እስከ 32ኛው ዓመት ድረስ 12 ዓመት ሙሉ እርሱም ወንድሞቹም የሹምን እንጀራ አልበሉም።

የተፈቀደውን መተው ስለምን አስፈለገው ቢሉ፤ ሁለት ምክንያት ተናግሯል። አንደኛው እግዚአብሔርን መፍራት ነው። ሁለተኛው በሕዝቡ ላይ ሸክሙ ከብዶ ነበርና ነው። ሐተታ፤ ሹም ገንዘብ ሲቀበል ሁለት ነገር ሊመረምር ይገባዋል። ይገባኛልን ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ነው። ሰጪው ይችለዋልን ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ፍትሕን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ምሕረትን ይጨምራል። ነህምያ የመጀመሪያውን ጠይቆ መልሱን ቢያገኝም ሁለተኛውን ጠይቆ ተወ።

ማዕዱ ግን አልተዘጋም። ከአይሁድና ከሹማምንት 150 ሰዎች፣ ከዚህም ሌላ በዙሪያ ካሉ አሕዛብ የሚመጡ እንግዶች ከእርሱ ጋራ ይበሉ ነበር። በየቀኑ አንድ በሬና ስድስት የተመረጡ በጎች፣ ዶሮዎችም ይታረዱ ነበር፤ በየ10 ቀኑም ልዩ ልዩ ወይን ጠጅ ይቀርብ ነበር። ይህ ሲቈጠር በዓመት 365 በሬና 2190 በግ ነው። 12 ዓመት እንዲሁ ተደርጎ ከሆነ 4380 በሬና 26280 በግ ይሆናል። ይህን ሁሉ ሲያወጣ ድርጎውን ከሕዝቡ አልፈለገም። እንግዲህ ግብር ማብላት ክብር የሚሆነው በማን ገንዘብ እንደሆነ ሲታወቅ ነው። ከድኻው ወስዶ ለባለሟል ማብላት ለጋስነት አይባልም፤ የእጅ መቀያየር ነው እንጂ።

ደግሞ እርሻ አልገዛም። ይህ ቃል አጭር ነው፤ ምሥጢሩ ግን ብዙ ነው። በራብ ጊዜ መሬት ይረክሳል፤ የሚሸጠው ብዙ፣ የሚገዛው ጥቂት ነውና። ገዥው ሥልጣንም ገንዘብም ስላለው ከሁሉ ቀድሞ ሊገዛ ይችላል፤ ውሉም ያለ ዐመፅ ይጻፍለታል። ነህምያ ግን የሕዝቡን መከራ ገበያ አላደረገም። እርሱና ብላቴኖቹ በቅጥሩ ሥራ ላይ ዋሉ።

ፍሬው በምን ታወቀ

የዚህ ፍሬ በጠላቶቹ ፊት ታወቀ። ሰንባላጥ ተረት አይደለም፤ በላይኛው ግብፅ በኤለፋንቲን ደሴት የተገኘ፣ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ407 ዓመት የተጻፈ ደብዳቤ የሰማርያ ገዥ ብሎ ስሙን ያነሣዋል። ይህ ኃያል ጎረቤት ነህምያን በኦኖ ቆላ እንገናኝ ብሎ አራት ጊዜ ላከበት፤ ነህምያም ሥራዬ ታላቅ ነውና ልወርድ አይቻለኝም እያለ መለሰ። በአምስተኛው ጊዜ የተከፈተ ደብዳቤ ላከ። በውስጡም ነህምያ ሊነግሥ ያስባል የሚል ክስ ነበረ። ደብዳቤው ተከፍቶ መላኩ ስለምን ነው ቢሉ፤ የሚያልፍበት ሁሉ አንብቦ እንዲጠራጠርና ወሬው እንዲበዛ ነው።

ለዚህ ክስ ነህምያ ጭፍራ አላሰለፈም፤ ይህን ከልብህ ፈጥረኸዋል ብሎ መለሰ እንጂ። ክሱን ያፈረሰው ግን ኑሮው ነው። ሊነግሥ የሚሻ ሰው ግብርን ያበዛል እንጂ የተወሰነለትን ድርጎ አይተውም፤ መሬት ይሰበስባል እንጂ የተያዘውን አያስመልስም። ልጁ የተመለሰችለት ድኻ ይህን ክስ ማን ያሳምነዋል? ሸማያም ጉቦ ተቀብሎ በቤተ መቅደስ ውስጥ እንሸሸግ ባለው ጊዜ ነህምያ አልሸሸም። ቅጥሩም በኤሉል ወር በ25ኛው ቀን፣ በ52 ቀን ውስጥ ተፈጸመ። 140 ዓመት ፈርሶ የኖረ በ52 ቀን ቆመ። በድንጋዩ ብዛት አይደለም፤ ድንጋዩ አስቀድሞም በዚያው ወድቆ ነበረ። የጐደለው ሕዝቡ ተማምኖ አብሮ የሚያነሣበት ልብ ነበረ እንጂ።

በ32ኛው ዓመት ወደ ንጉሡ ሄዶ ሲመለስ ግን ሌላ ነገር አገኘ። ካህኑ ኤልያሴብ ለጦብያ በእግዚአብሔር ቤት አደባባይ ዕቃ ቤት ሰጥቶት ነበር፤ ሌዋውያንም ድርሻቸውን አጥተው ወደ እርሻቸው ሄደው ነበር። ነህምያ የጦብያን ዕቃ አውጥቶ ጣለ፤ አንዳንዶቹንም መታ፣ ጠጕራቸውን ነጨ። ትዕግሥቱ ወዴት ሄደ ቢሉ፤ ይህ ቍጣ 12 ዓመት ሙሉ ለራሱ ጥቅም ያልተቈጣ ሰው ቍጣ ነው። ይህን ጠቅሶ ሊመታ የሚወድ ሹም አስቀድሞ 12ቱን ዓመት ይቍጠር።

እንግዲህ ሹም የሆነ ከዚህ ይማር፤ ከመፍረዱ በፊት ይምከር፤ ሌላውን ሳይገሥጽ ቤቱን ያጥራ፤ የተፈቀደለትን ሲቀበል የሰጪውን ትከሻ ይመልከት። ካህን የሆነም ይማር፤ ነህምያ መኳንንቱን ሲያስምል ካህናትን መጥራቱ ካህን የመሐላ ምስክር ስለሆነ ነው። ምስክር ደግሞ ሰምቶ ዝም አይልም፤ መሐላው ሲፈርስ ሊናገር ይገባዋል። ኤልያሴብ የበጎችን በር በእጁ ሠርቶ ሳለ ኋላ ለጦብያ ዕቃ ቤት የሰጠ ወዳጅነት ቢበረታበት ነው።

ነህምያ በመጨረሻ ደመወዙን ከሰው አልጠየቀም፤ ለሕዝቡ ያደረገውን አስቦ እግዚአብሔር በመልካም እንዲያስበው ለመነ። እንጀራውን በምድር የተወ ሹም መዝገቡን በሰማይ አስቀምጧልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።