«የፈረንጅ ሃይማኖት» የተባለው እምነት

ዛሬ በወላይታ ዞን አብዛኛው ሕዝብ ፕሮቴስታንት ነው። ብዙዎች ግን እምነቱን ለረጅም ጊዜ «የፈረንጅ ሃይማኖት» ብለውታል።

ታሪኩ ሌላ ይናገራል። ኤስ አይ ኤም የተባለው የፕሮቴስታንት ድርጅት ሚሲዮናውያን ወደ ወላይታዋ ከተማ ሶዶ የገቡት በ1928 ነው (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጣሊያን በ1937 ሲያስወጣቸው የተጠመቁት ወላይታዎች 48 ብቻ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው! የሰበኩት ገበሬዎች ናቸው፣ በገዛ ቋንቋቸው። ቀደም ሲልም ኤሳ ላሌ የተባለ የአካባቢው ነቢይ ሕዝቡን ወደ አንዱ ፈጣሪ፣ ወደ ጦሳ፣ ጸልዩ ብሎት ነበር። ከ1894ቱ የምኒልክ ዘመቻ በኋላ በገባር ሥርዓት ለኖረ ሰው እኩልነትን የሚሰብክ ቃል ጆሮ ማግኘቱ አያስገርምም።

ይህ የወላይታ ስብከት ግን ወንጌልን ከድሆች ነጻነት ጋር የሚያያይዘው «የነጻነት ሥነ መለኮት» አይደለም። ያ ስም የላቲን አሜሪካ ነው፤ የፔሩው ቄስ ጉስታቮ ጉቴሬዝ በ1971 ባሳተሙት መጽሐፍ ታወቀ።

በኢትዮጵያ ለእርሱ የሚቀርበው የቄስ ጉዲና ቱምሳ አስተሳሰብ ነው። በ1972 እርሳቸው ዋና ጸሐፊ የነበሩባት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ለውጭ ለጋሾች በላከችው ደብዳቤ፣ ልማትና ወንጌል በተለያየ ኪስ መቀመጣቸውን ተቃወመች። ሰው ሥጋም ነፍስም ነውና።

የጉቴሬዝን ወገን ተቺዎቹ «ማርክሲስት» አሉት፤ ወንጌላውያኑን ደርግ «የኢምፔሪያሊዝም መሣሪያ» አላቸው። ቄስ ጉዲና በሐምሌ 1979 አዲስ አበባ ታፍነው ተገደሉ።